ሞልቶ ሳለ የተዘጋው ቤት

ደብረ ታቦር ላይ የተከፈተው የታይላንድ ምግብ ቤት የተዘጋው ሕዝቡ የባዕድ ምግብ አልበላ ብሎ ነው ይባላል። ሐሰት ነው። ሕዝቡ በልቷል። ወንበር ሲጠፋ ቆሞ በልቷል፤ ያውም ቆሞ መብላት ነውር በሆነበት ከተማ። ሌሎች ደግሞ መንገድ ሲዘጋ የኮኮናት ወተት ከአዲስ አበባ መምጣቱ ቀርቶ ነው ይላሉ። ይኸም ሐሰት ነው። ኮኮናቱ ሲቀር ባለቤቷ ሱፍ ወቅጣ፣ አጥልላ፣ በሱፍ ወተት ሠራችው፤ ኋላ ኮኮናቱ ሲመጣ ደንበኛው ‹‹የሱፉ ይሻለን ነበር›› ብሎ አኮረፈ። ሦስተኛም ወገን አለ፤ ዓረብ አገር የከረመች ሴት አገር አይረጋላትም፣ ተመልሳ ሄዳ ነው የሚል። ይኸኛው ወገን ምንም ሳያውቅ እርግጠኛ መሆን የሚችል ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱም አለቃ ሆኖ የሚሾመው እሱ ነው።

ታንጉት የትም አልሄደችም። እብናት፣ አባቷ ቤት ናት። ምግብ ቤቱን የዘጋችው ራሷ ናት፤ አሥራ አንድ ሰው ገበታ ላይ ተቀምጦ፣ ምድጃው ላይ ሁለት ድስት እየፈላ። ከአሥራ አንዱ አንዱ እኔ ነበርሁ።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ በሰው የምደነቅ አይደለሁም። ብዙ ማንበብ ከሚያመጣቸው በሽታዎች አንዱ ይኸ ነው። ሰው ደግ ነገር ሲሠራ ሳይ፣ ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው ጀርባውን ገልብጬ ስፌቱን አያለሁ። የታንጉትንም ገልብጬ አይቻለሁ። በጀርባውም ያው ነው።

ታንጉት የእብናት ገበሬ ልጅ ናት። ዱባይ ዘጠኝ ዓመት ስትኖር ሰው ቤት አልሠራችም፤ በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ኖይ የምትባል የታይላንድ አሮጊት ከልጇና ከምራቷ ጋር በምታስተዳድራት ትንሽ ምግብ ቤት ሳህን ታጥብ ነበር። አሮጊቷ አማርኛ አታውቅም፤ ታንጉት የአሮጊቷን ቋንቋ አታውቅም። ኋላ ከምድጃው ስታስጠጋት ትምህርቱ ሁሉ በእጅ ሆነ።

‹‹ስሳሳት በማንኪያ እጄን መታ ታደርገኛለች›› ብላኛለች አንድ ቀን። ‹‹ሲሆንልኝ ደግሞ ዝም ትላለች። በመጨረሻው ዓመት አንድ ቃል አልወጣትም። ዲፕሎማዬ እሱ ነው ጋሼ።››

አሮጊቷ ስትሞት ልጅየው ቤቱን ዘጋና ዕቃውን አከፋፈለ። ለታንጉት የደረሳት የድንጋይ ሙቀጫ ነበር፤ ሁለት ሰው የሚያነሳው፣ ጥቁር፣ ውስጡ እንደ መስታወት የለሰለሰ። ሌላው ተመላሽ ወርቅና ቴሌቪዥን ይዞ ሲገባ እሷ በሻንጣዋ ድንጋይ ይዛ እብናት ወረደች። አባቷ አያ ፈንቴ ሻንጣውን ሊያነሱ ሞክረው አቃታቸው። ከፍተው አዩት። ዞረውም አዩት።

‹‹ልጄ›› አሉ፣ ‹‹እብናት ላይ ድንጋይ ጠፋ ብሎ የነገረሽ ማነው?››

ምግብ ቤቱ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነበር። ስድስት ጠረጴዛ። ታንጉት ወጥ ቤት፣ እህቷ ውዴ አስተናጋጅ፣ አያ ፈንቴ ደግሞ በር ላይ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሬ ሲጠምዱ የኖሩት ሰውዬ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዩኒቨርሲቲ ለሚመጣው መምህር የታይላንድን የገበታ ሥርዓት ያስተምሩ ነበር፦ ‹‹በማንኪያው ነው የሚበላ ልጄ። ሹካው ለመግፊያ ነው። ሹካ አፍህ ውስጥ እንዳላይ።›› መምህሩ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው። በማንኪያው በላ።

ሾርባው ውስጥ ጠጅ ሳር ይገባል። የመጀመሪያ ሰሞን አንዱ ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ ‹‹ይኼ እኮ ለበዓል መሬት ላይ የሚጎዘጎዝ ነው!›› ብሎ ጮኸ። አያ ፈንቴ ከበሩ ሳይነሱ፣ ‹‹አይዞህ፣ ያልተረገጠውን ነው የቀቀልነው›› አሉት። ሩዙ ከፎገራ፣ በሶብላውና ዝንጅብሉ ከገበያ፣ ቃሪያው ከአያ ፈንቴ ማሳ። ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ቢኖር ድንጋዩና የታንጉት አፍንጫ ብቻ ነው።

ስለ አፍንጫዋ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነውና። ታንጉት ስታበስል አትቀምስም። ክዳኑን ትከፍትና እንፋሎቱን በመዳፏ ወደ ፊቷ ትጠራዋለች፤ ልጅን ና እንደሚሉት። ትዘጋዋለች። አበቃ። ‹‹ምላስ የወደደውን ነው የሚነግርህ›› ትላለች፣ ‹‹አፍንጫ ግን ያለውን።›› ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ ደንበኛችን ነበሩ፤ በወረቀት የጠቀለሉትን ሚጥሚጣ ከኪሳቸው አውጥተው በስርቆት ይነሰንሱ ነበር። ከወጥ ቤት ድምፅዋ መጣ፦ ‹‹ጋሽ ዳኛው፣ ያቺን ወደ ኪስዎ ይመልሷት!›› መጋረጃው ተጋርዷል። ሰውዬው አርባ ዓመት ሙሉ በሌላው ፊት ላይ የፈለጉትን ድንጋጤ በራሳቸው ፊት ላይ አየነው።

ለምግቡ ሁሉ መሠረት የሚሆነው የዓሣ ውሃ ነው፤ ትናንሽ ዓሣ በጨው ተነክሮ ዓመት የሚከርምበት፣ ከጠላ የጠቆረ ፈሳሽ። ከውጭ ማስመጣት አልሆነላትም፤ ራሷ ሠራችው። ግን መብላላት ሙቀት ይፈልጋል፤ የደብረ ታቦር ብርድ ደግሞ ሐሜት እንጂ ሌላ ነገር አያብላላም። ስለዚህ ዓሣውን ከጣና ዳር አስመጥታ፣ ጋኑን ወንዛዬ፣ ከፍልውሃው አጠገብ ያሉት አክስቷ እትየ ዝማም ቤት አስቀመጠችው። እትየ ዝማም መጀመሪያ፣ ‹‹ለመፈወስ የመጣው በሽተኛ ሁሉ በጋንሽ ሽታ ሊሞት ነው›› ብለው ነበር። ኋላ ግን ጋኑን እንደ ጥጃ ተንከባከቡት።

ከጎኑ ሁለተኛ ጋን ነበር። የጾም። የእኛ ሰው ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያለ ሲከራከር ይኖራል፤ እሷ አልተከራከረችም። የቤቴ ደጃፍ ለሁሉም ይከፈት ብላ፣ ባቄላ እንደ ስልጆ አብላልታ፣ አጥልላ፣ ከዓሣው ውሃ በመልክ የማይለይ የባቄላ ውሃ ሠራች። እኔ ብዙ ብልህ ሰው አይቻለሁ። ስልጆንና ታይላንድን ያጋባ ግን እሷን ብቻ።

ሁዳዴ ሲገባ የዓሣው ውሃ ከደብረ ታቦሩ ቤት ተጠርጎ ይወጣል። በሩ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይከፈታል። ያን ጊዜ ቤቱ ይሞላ የነበረው ከፋሲካ በላይ ነው። ‹‹ጾም ከጣፈጠ ጾም አይደለም›› ብለው የተከራከሩኝ ሰዎች ነበሩ፤ እየበሉ። ታንጉት ግን በሁዳዴ የራሷን ምግብ አትነካም። ቆሎዋን ይዛ ጥግ ትቀመጣለች። ‹‹ለራሴ ይኼን ካበላሁማ ሁዳዴን ሠርግ አደረግሁት›› ትላለች።

ባለፈው ሁዳዴ፣ በቅበላ፣ እትየ ዝማም ደንቡን አደረሱ። የፍስክ ዕቃ ታጥቦ ይነሳል፤ የጾሙ ይወጣል። የዓሣውም ጋን የፍስክ ነውና ጓዳ ይግባ አሉ። ጋን ግን ለአንዲት አሮጊት አይነሳም። ሁለት ጎረምሶች ከጎረቤት ጠርተው፣ ‹‹ያን ጓዳ አስገቡልኝ›› ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በአራተኛው ሳምንት አያ ፈንቴ ጀሪካን ይዘው ወንዛዬ ወረዱ። ‹‹የፍስኩን ጓዳ አግብቼዋለሁ፤ ውጭ ያለው የጾሙ ነው›› አሏቸው እትየ ዝማም። አያ ፈንቴ ቀዱ። ጾመኛ ናቸው፤ ጣታቸውን ነክረው አልቀመሱም። አፍንጫቸውም እንደ ዕድሜያቸው ነው። ይዘውት መጡ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት የታንጉት የጾም ምግብ ከመቼውም የበለጠ ጣፈጠ። ሁላችንም ተናገርን። እኔ ራሴ፣ ‹‹ዘንድሮ እጅሽ ምን ነካው?›› ብያታለሁ። ሳቅ አላለችም። አሁን ሳስበው፣ አላለችም።

የኒቆዲሞስ ሰሞን፣ ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ እትየ ዝማም ነጠላቸው ተንሸራቶ፣ ከሚኒባስ ወርደው እየሮጡ ገቡ። አያ ፈንቴን አላዩም፤ እኛን አላዩም። የወጥ ቤቱን መጋረጃ ገለጡት።

‹‹ልጄ፣ ዛሬ ላማስለው ብዬ ጓዳ ያለውን ጋን ከፈትሁት።››

‹‹እሺ እትየ።››

‹‹ባቄላ ነው።››

ሌላ አልተባለም። ሁለት ጊዜ ቀጭ ሲል ሰማን፤ ምድጃዎቹ ጠፉ። ታንጉት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ሦስት ሰዎች ገና ማንኪያ አንስተዋል።

‹‹ማንኪያችሁን አስቀምጡልኝ›› አለች። ‹‹የበላችሁት የዓሣ ውሃ ያለበት ነው። የዛሬው ብቻ አይደለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነው። ባቄላ ነው እያልሁ ዓሣ አብልቻችኋለሁ።››

የአያ ፈንቴ ዱላ መሬት ላይ ወደቀ።

‹‹እኔ ነኝ›› አሉ ከበሩ፤ ‹‹እኔ ነኝ የቀዳሁት። እሷ ምን አጠፋች? የቀዳሁት እኔ!››

‹‹አባየ፣ ይቀመጡ›› አለች። ‹‹ሲመጣ ሸቶኛል። ጀሪካኑን በከፈትሁት ቀን ሸቶኛል። ‹ከየትኛው ጋን ቀዱት?› ብሎ አባትን መጠየቅ አፍሬ ዝም አልሁ። የቀዱት እርስዎ ነዎት። ዝም ያልሁት እኔ ነኝ።››

ይኸን ስሕተት ሌላ አገር ያለ ሰው የሚሠራው አይመስለኝም። አባት ቀድቶ አምጥቷል፤ ልጅ፣ የአርባ ዓመት ሴት ብትሆንም፣ ‹‹እርግጠኛ ነዎት?›› አትልም። በመከባበር የታነጸ አገር ነን፤ በመከባበር ብዛት የምናፈርሰውም እንደዚያው ነው።

ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ከወጥ ቤቱ ገብቼ ጥበቤን አካፈልኋት። ስንት መጽሐፍ እንዳነበብሁ አስታውሱልኝ። ‹‹ስሚኝ›› አልኋት፣ ‹‹አሥራ አንድ ሰው አውቋል፤ ይበቃል። በጾም ዓሣ የሚበላው አገር ሙሉ ነው። ንስሐ አባትሽ ዘንድ ግቢ፤ ለቀረው ዝም በይ። ነገ ከትክክለኛው ጋን ቅጂና ክፈቺ። አውጥተሽ ከተናገርሽ ይኸ ቤት አለቀለት።››

ድስቶቹን እየደፋች ነበር። ቀና አላለችም።

‹‹ጋሼ፣ እርስዎ ያነባሉ፤ እኔ አበላለሁ። ያነበቡት ይታጠፋል። የተበላ አይመለስም።››

ንስሐ አባቷ ባለማወቅ የሆነ ነው ብለው፣ ስግደት ሰጥተው፣ በሰላም አሰናበቷት። ስግደቱን ፈጸመች። ከዚያ በሩ ላይ በቾክ ጻፈች፦ ‹‹ተዘግቷል። ከመፃጉዕ ወዲህ እዚህ የበላችሁ፣ የዓሣ ውሃ አብልቻችኋለሁ። ይቅር በሉኝ። ታንጉት ፈንቴ።›› ሰው ይህን አንብቦ ያልፋል፤ ጉዳዩም ያልቃል ብዬ ነበር። ለእሷ ግን ጽሑፉ ማንበብ ለማይችለው አይሆንም፤ በዚያ በኩል ለማያልፈውም አይሆንም። ስለዚህ በእግሯ ወጣች።

ደንበኞቿን በስም ሁሉንም አታውቃቸውም፤ በአበላላቸው ግን አንድም አልረሳችም። ያ ቃሪያውን ለቅሞ የሚያወጣው። ያቺ ሎሚ የምታስጨምረው። እነዚያ ከአንድ ሳህን የሚበሉት እጮኛሞች። ከውዴ ጋር ከተማውን ተከፋፈሉት። ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ‹‹የኔ እናት፣ ያ ሰውዬ እኮ ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ በላይ ነው ቤቱ፣ ነይ ላድርስሽ›› እያሉ ያመላልሷት ጀመር። ከነሱም አንዱን፣ ጀማልን፣ መንገድ ላይ አስቁማ ነገረችው።

‹‹እትየ›› አለ እየሳቀ፣ ‹‹እኔ እኮ ሙስሊም ነኝ። ዓሣ ለኔ ምንድነው?››

‹‹አውቃለሁ። ግን ባቄላ ነው ብዬህ ነበር።››

ጀማል ሳቁን እንዳቆመ ራሱ ነገረኝ። ‹‹እንደዛ ስትለኝ›› አለ፣ ‹‹ሞተሩን አጠፋሁት።››

ዳኛው ደግሞ በራቸው ላይ ተቀብለው የሕግ ትምህርት ሰጧት። ‹‹ሐሳብ ከሌለ ጥፋት የለም። ፍርድ ቤት ብትቀርቢ በነፃ አሰናብትሽ ነበር።››

‹‹ፍርድ ቤት አይደለም የመጣሁ ጋሽ ዳኛው። ቤትዎ ነው።››

ዳኛው ይኸን ሲነግሩኝ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት። አንዲት መበለት ግን በሩን ዘግታባት፣ ‹‹ጾሜን መልሺልኝ!›› እያለች ከውስጥ ሰደበቻት። ታንጉት አልሄደችም። ከጠዋት እስከ ቀትር ከአጥሩ ሥር ቆመች። ሴትየዋ ውሃ ልትደፋ ስትወጣ አገኘቻት፤ ውሃውን አልደፋችባትም። አስገባቻት። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም አልተናገሩም።

ፋሲካ አለፈ። በዓለ ሃምሳ አለቀ። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ‹‹አሁንስ ተዳረሰ›› አልኋት። ‹‹ክፈቺ። ሰው በደጅሽ እያለፈ ምራቁን እየዋጠ ነው። መቼ ትከፍታለች ብሎ የማይጠይቀኝ የለም።›› እውነት ነበር። ቤቱ በመናገሯ ያልቃል ብዬ ያስጠነቀቅኋት እኔ ነበርሁ፤ ያለቀው የኔ ትንቢት ነው። ይህቺ ከተማ፣ እህል ሲቀላቀል፣ ቅቤ በሙዝ ሲሠራ፣ በርበሬ በሸክላ ዱቄት ሲፈጭ ለምዳ፣ ያልተያዘውን ጥፋቷን በየቤቱ ዞራ የምትናገር ሴት ስታይ ደንግጣለች። በእጇ ለመብላት ያን ጊዜ ወረፋ ይሆን ነበር።

‹‹አንዲት ቀርታለች›› አለችኝ።

እንዲህ ነው። የገብርኄር ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ከመናኸሪያው የመጣች አንዲት ሴት ገባች። ጥቁር ቀሚስ፣ አቧራ የለበሰ የላስቲክ ጫማ፤ በብብቷ ሥር ትልቅ የራጅ ፖስታ። አነጋገሯ የጋይንት ሰው ይመስላል። ከመቀመጧ በፊት ራሷ ወደ ወጥ ቤት መጣችና ጠየቀች።

‹‹እህቴ፣ ዓሣ ነክ ነገር የለበትም? ልጄ ሆስፒታል ተኝታለች። እስክትድን ዓሣ እንኳ ላልቀምስ ተስያለሁ።››

ታንጉት ያን ዕለት ድስቱን ከፍታ ነበር። ሸቷታል። አባቷ በር ላይ፣ ለአንድ እንግዳ ሹካ ለመግፊያ መሆኑን እያስረዱ ነበር።

‹‹ማርያምን የለበትም›› ብላ ማለችላት።

ሴትየዋ በላች። ጨምሪልኝ ብላ በላች። ቃሪያውን ከነፍሬው፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ። ስትነሳ፣ ‹‹ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስሁም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ›› ብላ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች። ከዚያ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

‹‹ልጅቱ ሞታ ከሆነ›› አለችኝ ታንጉት፣ ‹‹ያቺ እናት አሁን ራሷን እየከሰሰች ነው። ስእለቴ ያልደረሰው ምን ብበድል ነው እያለች፣ ያላጠፋችውን ጥፋት ስትፈልግ ታድራለች። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ማን ይንገራት? ድና ከሆነም እሰየው፤ አምላክ ከኔ አፍንጫ በላይ ነው። ግን አንደኛውን ሳላውቅ ሌላ ሰው ‹ምን አለበት?› ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ምግብ ቤት ማለት እኮ እሱ ነው ጋሼ። ‹ምን አለበት?› ይሉሻል፤ ትናገሪያለሽ፤ ያምኑሻል። ሌላው ማገዶ ነው።››

ጠረጴዛዎቹን ለሰፈሩ ዕድር ሰጠች። ቤቱ ዛሬ ሞባይል ይጠገንበታል። ሙቀጫውን በጋሪ ጭነው እብናት ሲመልሱት አያ ፈንቴ ከጎኑ ተቀምጠው ነበር። ‹‹እንግዲህ እብናት ላይ ድንጋይ አይጠፋም፤ አንድ ትርፍ ገብቶለታል›› አሉ። ቀልዳቸው ነው። ፊታቸውን ግን ወደ ከተማው አዙረው ነበር።

አሁን የራሴን ነገር ልናገር፤ ካልተናገርሁ ይኸን መጻፍ አይገባኝም።

ታንጉት ያቺን ሴት ፍለጋ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ገበያ ላይ ሁለት ቅዳሜ ስትዞር ውላ ባዶዋን መመለሷን ስሰማ አንድ ብልሃት አሰብሁ። የአክስቴ ልጅ አለች፣ አነጋገሯ የዚያው አገር የሆነ፣ ዕድሜዋም የሚቀርብ። አሠለጠንኋት። ጥቁር ቀሚስ አስለበስኋት፤ የላስቲክ ጫማ ገዛሁላት፤ ራጅ እንኳ ከራሴ ደረት የተነሳውን አስያዝኋት። ‹‹ልጄ ድናለች፣ ተጫውታ ስትሮጥ ነው የተውኋት በያት›› አልኋት። እብናት ይዣት ሄድሁና እኔ ከበሩ ራቅ ብዬ ከአንድ ዛፍ ሥር ቀረሁ። ክፋት አልነበረብኝም። አንድ ሰው ከማያስፈልግ ሥቃይ ነፃ ይወጣል፤ ከተማውም ሾርባውን መልሶ ያገኛል ብዬ ነው።

ታንጉት በደስታ አልጮኸችም። ‹‹እንኳን አገኘሁሽ፤ ቁጭ በይ›› ብላ፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እሳት አነደደች። ጠጅ ሳር ቆርጣ፣ ዝንጅብል በሙቀጫዋ ወቅጣ፣ ሾርባውን ሠራች። አቀረበችላት። ቃሪያውን ከነፍሬው። ይኸን ነገር ለአክስቴ ልጅ አልነገርኋትም ነበር። ሁለት ማንኪያ እንደ በላች እንባዋ ወረደ፤ አሳላት፤ ውሃ ፍለጋ ዓይኗ ተንከራተተ።

ታንጉት ውሃ ቀዳችላት። ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ‹‹ጠጪ እህቴ። አይዞሽ፣ ያልፋል። ጋሼ ነው የላከሽ?››

ከዛፉ ሥር ተጠርቼ ገባሁ። አያ ፈንቴ አላዩኝም መስለው እንጨት ይፈልጡ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጥረቢያውን ሳያነሱ፣ ‹‹ይኸ ሰው ትልቅ ሰው ነው ሲሉኝ እሰማ ነበር›› አሉ ለእንጨቱ። ስድብ ተሰድቤ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ግን ተለክቶ አልተሰፋልኝም።

ታንጉት አልተቆጣችም። ለኔም ሾርባ ቀዳችልኝ።

‹‹ቤቱ ናፍቆዎታል፣ አይደል?››

‹‹ናፍቆኛል።››

‹‹እኔንም ናፍቆኛል›› አለች። ከዚያ ዓይኗ ሞላ። በዚያ ሁሉ ወራት እንባዋን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ‹‹ከመተኛቴ በፊት ጠረጴዛዎቹን በልቤ እጠርጋቸዋለሁ። ስድስቱንም። በሩ አጠገብ ያለው ይነቃነቅ ነበር፤ እሱን በካርቶን ደግፌ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።››

ያን ዕለት የበላሁት ሾርባ ውስጥ ምን እንደነበረ ጠየቅኋት። የባቄላው ነው አለች። እትየ ዝማም ጋኑን እስካሁን በሳምንት አንድ ቀን እያማሰሉ አቆይተውታል። ማሰሮ የምታህል ነገር ልከውላታል። የዓሣው ጋን ግን ተደፍቶ፣ ታጥቦ፣ ወንዛዬ ላይ አፉ ወደ መሬት ተገልብጦ ተቀምጧል፤ እንደ ፍስክ ዕቃ፣ ፋሲካውን እየጠበቀ።

ስንመለስ የአክስቴ ልጅ በሚኒባሱ መስኮት ውጭ ውጭውን ታይ ነበር። ደብረ ታቦር ልንደርስ ስንል፣ ‹‹አንተ፣ እንዲህ ያለች ሴት ፊት እኔን እንዴት አቆምኸኝ?›› አለች። ደግ ሥራ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመነጭ የሚተነትን ስንት ነገር አንብቤያለሁ፤ ጽፌያለሁም። የዚያች ሴት አፍንጫ ከአንድ ሙሉ መደርደሪያ ይበልጣል። ይኸን ሳምን ደስ አይለኝም፤ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፤ ይኸ ሁሉ የተጻፈው ለአንቺ ነው። ባለፈው ሁዳዴ፣ በገብርኄር ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ የራጅ ፖስታ ታቅፈሽ ደብረ ታቦር ላይ ሾርባ የበላሽ፣ ቃሪያውን ከነፍሬው የበላሽ ሴት ከሆንሽ፣ ወይም አንባቢው ሆይ፣ እንዲህ ያለች እናት በሰፈርህ፣ በማኅበርህ፣ በገበያህ የምታውቅ ከሆነ፣ እብናት ሂዱ። የአያ ፈንቴን ልጅ ብላችሁ ጠይቁ፤ ያልሰማ የለም። ልጅቱ ድና ከሆነ ድናለች በሏት። ሞታም ከሆነ ሞታለች በሏት። ብቻ ልታጽናኗት ብላችሁ አትዋሿት። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ይሸታታል።